«ተቀቅሏል፣ ዝግጁ ነው» የሚባል የአኳሪየም ድንጋይ እንዳትገዙ

የጨው ውሃ አኳሪየም ያላችሁ ወይም ልትጀምሩ ያሰባችሁ፣ ያገለገለ ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት ይችን አንብቧት። እኔ 22 ኪሎ ገዝቼ ሁለት ዓሣ ቀብሬያለሁ። ከገንዘቡም ውስጥ 4,000 ብሩን ውሃ በልቶታል። ቀልድ አይደለም፣ እደርስበታለሁ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። አንድ ደላላ ስልኬን ከሰው አግኝቶ ደወለልኝ። ለገጣፎ ላይ አኳሪየማቸውን የሚያፈርሱ ሰው አሉ፣ ድንጋዩ በኪሎ 800 ብር ነው፣ ከውጭ ብታስመጣ እጥፉን ትከፍላለህ አለኝ። እሁድ ጠዋት ሄድኩ። ሰውዬው ጨዋ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቡና አስፈልተው ነው የጠበቁኝ። ድንጋዩ በሁለት ማዳበሪያ ከረጢት ታጭቆ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ነጣ ያለ፣ ገና እርጥብ።

«ጋሼ፣ እንዴት ነው ያጸዱት?»

«በላርጎ አሽቼ፣ በበርሜል ውሃ አፍልቼ ቀቀልኩት። አንድ ተባይ አልቀረበትም። ወስደህ ዝም ብለህ መክተት ነው፣ ልጄ።»

ደስ አለኝ። አስተዳደጋችን ነው እኮ። ውሃ አፍልተን፣ ወተት አፍልተን፣ የሕፃን ጡጦ ቀቅለን ነው የኖርነው። የተቀቀለ ነገር ንጹሕ ነው። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው።

ይህ ድንጋይ ኮራል የሚባሉት የባሕር እንስሳት ትተውት የሄዱት አጽም ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ በእኛ ቋንቋ የኖራ ድንጋይ። ውስጡ እንደ ጥሩ እንጀራ ዓይን በዓይን ነው። በዚያ ዓይን ውስጥ ባክቴሪያው፣ ትሉ፣ ስፖንጅ የሚባለው የባሕር እንስሳ ይኖራል። የዓሣውን ቆሻሻ ከአሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚቀይረው ባክቴሪያው ነው። ድንጋዩን የምንገዛው በዋናነት ለዚህ ሠራተኛ ብለን ነው። ሲቀቀል ሠራተኛው ያልቃል፣ ሬሳው ግን እዚያው ይቀራል። ላርጎም ሆነ ብሩሽ ውስጥ ድረስ አይገባም።

እሁድ ማታ ከተትኩት። ማክሰኞ ውሃው ወተት መሰለ። አሞኒያ ስለካ ቀለሙ ካርዱ ላይ ካለው መጨረሻ ደርሷል። የባሕር ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 በላይ ስለሆነ፣ ያው የአሞኒያ መጠን ከጨው አልባው ውሃ ይልቅ እዚህ የበለጠ መርዝ ነው። ረቡዕ ሌሊት ደግሞ መብራት ሄደ። የሚበሰብሰው ነገር ኦክስጅኑን እየጠጣ፣ ፓምፑ ቆሞ። በዚያ ላይ አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናቸው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም እንዲሁ። ጠዋት ሁለቱም ክላውንፊሾች ተገልብጠው አገኘኋቸው። ልጄ ሳትነቃ ነው ያወጣኋቸው።

አሁን ከዓሣው ሞት በላይ ወደሚያስፈራኝ ነገር ልሂድ። ማንም ሰው የባሕር ድንጋይ መቀቀል የለበትም። በአኳሪየም ድንጋይ ላይ ዞአንቲድ የሚባሉ ትንንሽ አበባ የሚመስሉ እንስሳት ይበቅላሉ። አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ መርዝ አላቸው፤ ከሚታወቁት መርዞች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ ነው። መፍላት አያጠፋውም። እንዲያውም ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣና በትንፋሽ ይገባል። ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም፣ የጡንቻ ሕመም ያመጣል። ማርከሻ መድኃኒት የለውም። በውጭ አገር ድንጋይ ቀቅለው ቤተሰባቸውን ይዘው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። ሰውዬው በርሜሉን የጣዱት ከማጀቱ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። እግዜር ነው ያተረፋቸው። ሰውየውን ሌባ አልላቸውም ነበር፣ እዚህ ድረስ።

ግን ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ዓሦችዎ ታመው ያውቃሉ?» አልኳቸው። «አዎ፣ ነጭ ነጠብጣብ ወጥቶባቸው፣ ሰማያዊ መድኃኒት አድርጌባቸው ዳኑ» አሉኝ። ድንጋዩ እዚያው ውስጥ እያለ! ሰማያዊው መድኃኒት መዳብ ሳይሆን አይቀርም። የኖራ ድንጋይ መዳብን ይመጥና ቀስ እያለ ይለቃል። ዓሣ ይችለው ይሆናል፤ ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣ፣ ኮራል ግን አይችሉም። ይህ ድንጋይ ከእንግዲህ ዓሣ ብቻ ላለበት አኳሪየም ካልሆነ አይታመንም። ሲሸጡልኝ ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ «ድንጋይ ድንጋይ ነው፣ ልጄ» ብለው ዘጉት።

ድንጋይ ድንጋይ እንዳልሆነ ያወቅሁት ካደረቅሁት በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት በረንዳ ላይ ፀሐይ አስመታሁትና መዘንኩት፤ 17 ኪሎ። አምስቱ ኪሎ ውሃ ነበር። ያልኳችሁ 4,000 ብር ይሄ ነው። እኛ ሰፈር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ የወጣ ሰው ይፍረደኝ። ከከረጢቱ ሥር ደግሞ ጠቆር ያሉ ሦስት ድንጋዮች ነበሩ። አልጌ ደርቆባቸው መስሎኝ ነበር። በምስማር ጫር አድርጌ አቼቶ ጠብ አደረግሁባቸው። የባሕሩ ድንጋይ አረፋ አወጣ፣ እነሱ ምንም። እሳተ ገሞራ የተፋው፣ ቢሾፍቱ አካባቢ እንደ ጉድ የሞላው ድንጋይ ነው። ከሲኖትራክ ላይ ሲወድቅ መኪና የምናቆምለትን ድንጋይ በኪሎ 800 ብር!

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ደረቅ ካልሆነ አትመዝኑ። ምስማርና ትንሽ አቼቶ በኪሳችሁ ይኑር። ዓሦቹ ምን መድኃኒት እንደተደረገባቸው ከዋጋው በፊት ጠይቁ። አንዷን ድንጋይ ለምናችሁ ውሰዱና በራሳችሁ የጨው ውሃ፣ በክዳን ባልዲ ሁለት ቀን አቆዩ፤ ከዚያ አሞኒያና ፎስፌት (አልጌን የሚያፋፋው ንጥረ ነገር) ለኩ። እምቢ ካሏችሁ ቡናቸውን ጠጥታችሁ ተመለሱ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተም እንዲሁ። ጥሩ ድንጋይ ባሕር ባሕር ይሸታል ይባላል፤ እኛ ግን የባሕር ሽታ ከየት እናውቃለን፣ ጅቡቲ ደርሶ የመጣ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።

አንዴ ከገዛችሁ ደግሞ ማጽጃው በረኪና ነው። ሽቶ ያልተጨመረበትን ምረጡ፤ አንድ እጅ በረኪና ለአሥር እጅ ውሃ፣ ደጅ ላይ፣ በጓንትና በመነጽር። አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፋችሁ፣ ደጋግማችሁ አለቅልቃችሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ ፀሐይ ላይ አድርቁ። በረኪናና አቼቶ ወይም ሌላ አሲድ በጭራሽ አንድ ላይ አይነካኩ፤ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል።

ቀጥሎ ቶሎ ወደ ጨው ውሃ አትሩጡ፤ ኪሳችን የሚራቆተው እዚያ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይፈልጋል። 80 ሊትር በርሜል ሦስት ጊዜ ብትቀይሩ 8.4 ኪሎ ጨው ሄደ። የአፋር ጨው አይተካውም፣ ካልሲየሙና ማግኒዚየሙ አይመጣጠንም። መጀመሪያ በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ዘፍዝፉትና ድንጋዩ የመጠጠው ፎስፌት ይውጣለት፤ ውሃውን እየቀያየራችሁ። መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ጨው ውሃ፦ 25 ዲግሪ፣ ፓምፕ የሚሠራበት፣ አልጌ እንዳይበቅል የተከደነ። በሞተው ምትክ አዲስ ባክቴሪያ በቅሎ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ እስኪሆኑ ሳምንታት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ወራት።

የእኔ በርሜል ሰባተኛ ሳምንቱን ይዟል። አሞኒያው ባለፈው ቅዳሜ ዜሮ ገባ፣ ናይትራይቱ ገና ነው። ሦስቱን ጥቁር ድንጋዮች ባለቤቴ በረንዳ ላይ ለከሰል ምድጃው ጉልቻ አድርጋቸዋለች። አኳሪየሙ ባዶውን ተቀምጧል፤ ልጄ ዓሦቹ «ለዕረፍት ሄደዋል» ያልኳትን እስካሁን አላመነችም።