በቶርኖ የታደሰች ያማሃ ኤጂ 100፦ ከ8 ወር በኋላ

አባዬ የግብርና ባለሙያ ሳለ የሚነዳትን ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲያወጣት ገዛት። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቢሾፍቱ ግቢያችን ውስጥ ዶሮ እያደረባት ከረመች። አሳድሼ መንዳት ከጀመርኩ 8 ወር ሞላኝ፤ ቆጣሪው ላይ 3,100 ኪሎ ሜትር ጨምሬያለሁ። ስለ ሞተር ሳይክሏ ሳይሆን ስለተጠገኑት ዕቃዎች ነው የምጽፈው፤ ምክንያቱም የሚቸግረው እሱ ነው። ዛሬ ገበያውን የሞሉት የህንድና የቻይና ሞተሮች አብዛኞቹ ባለ አራት ስትሮክ ናቸው፣ ይቺ ደግሞ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ 97 ሲሲ። ከእነሱ አውጥቼ ልግጠምላት ቢሉ አይሆንም።

ዋናው ጣጣ ፒስተን የሚመላለስበት ሲሊንደር ነበር። የፋብሪካ የውስጥ ስፋቱ 52 ሚሊ ነው። ተበልቶ ሞላላ ሆኗል። ሲሊንደሩ ሲሰፋ የሚገባው ፒስተን በ0.25 ሚሊ እያደገ ስለሚመጣ፣ 0.50 አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አግኝቼ ሲሊንደሩን ከፒስተኑ ጋር ሲሊንደር የሚያሰፋ ሬክቲፊካ ቤት ወሰድኩት። የመኪና ሞተር የሚሠራ ቤት ነው፤ ልኩን አልሳቱም፣ ውስጡም እንደ መስታወት ያበራል። ገጠምኩት፣ በአንድ ርግጫ ተነሣች። ደስታዬ ግን ሞጆ እንኳ አላደረሰኝም። መንገድ ላይ ቀጭን የብረት ድምፅ ሰማሁ፣ ወዲያው ጉልበቷ ከዳኝ። ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን) ስፈታ የላይኛው የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከብበው ቀለበት) ተሰብሯል፣ ሲሊንደሩም ከላይ እስከ ታች ተጭሯል።

የተበላሸውን ይዤ አዳማ ላሉ አንድ አዛውንት ባለሙያ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ዳሰሱና፣ “ልጄ፣ ይሄ የመኪና ሲሊንደር አይደለም፣ መስኮት አለው” አሉኝ። “የመስኮቱን ጠርዝ ሳያደበዝዙ ሰጥተውሃል፤ ፋሻው በወጣ በገባ ቁጥር ምላጭ ላይ ነው የሚያልፈው።” እውነታቸውን ነው። በባለ ሁለት ስትሮክ ጋዙ የሚገባውም የሚወጣውም በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ነው። ሲሊንደሩ ሲሰፋ ጠርዛቸው እንደገና ስል ይሆናል። እሳቸው ወደ 0.75 ካሰፉት በኋላ በትንሽ ድንጋይ ዙሪያቸውን አንድ በአንድ ሲያለዝቡ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አየሁ። ፒስተኑን ናይሮቢ የሚመላለስ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ከፍቼ አይቻታለሁ፤ ፋሻዎቹ አልተነኩም። ስትገዙ ልብ በሉ፦ የፋሻው ጫፎች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ፒስተኑ ትንሽ ፒን አለው። ፒኑ ከወለቀ ፋሻው ይዞርና ጫፉ መስኮት ውስጥ ይገባል፤ ያኔ የኔው ዕጣ ይደርሳችኋል።

ከኮሎው (ፒስተኑ ከሚያዞረው ዘንግ) ግራና ቀኝ ያሉት ፓራኦሊዎች (ዘይትና አየር የሚያግዱ ቀለበቶች) ደርቀው ነበር። በፍሪሲዮን በኩል ያለው፣ የካምቢዮ ዘይት እያሳለፈ ነጭ ጭስ ያስጨሳት ነበር፤ የሌላኛው ወገን አየር እየሳበ ጋዝ ስለቅም እንኳ አትረጋም። እነዚህን “የያማሃ ኤጂ” ብላችሁ ብትፈልጉ ሰው ይስቅባችኋል። ጀርባቸው ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ እኔ ሁለቱንም የውሃ ፓምፕ ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ ነው ያገኘሁት። ኩሽኔታም እንደዚያው ነው፤ 6203 ከተባለ የትም አገር ቢሠራ ውስጡ 17፣ ውጭው 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ነው።

የኋላውን ሹካ ቡሽ (ዘንጉ የሚገባበትን ቀለበት) ቶርኖ ቤት በብሮንዝ አስወጣሁት፣ ለግራሶ መሄጃም ቦይ አስቆረጥኩበት። ከ3,100 ኪሎ ሜትር በኋላ ጎማውን ይዤ ብወዘውዘው ንቅንቅ አይልም። የፍሬን ሸራው አዲስ ተለጥፎለት በደንብ ይይዛል፣ ዝናብ ሲነካው ብቻ ይጮሃል።

ያልተሳካልኝ አየርና ነዳጅ የሚያደባልቀው ካርቡራቶር ነው። አሮጌው ተበልቷል ብዬ “ኦሪጅናል ነው” የተባለ አዲስ ገዛሁ። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ በአዲሱ ነዳጁ ይበዛባትና በሳምንት ካንዴላው ጥላሸት ለበሰ። ያለቀውን አሮጌ መልሼ አጠብኩት፣ ገጠምኩት፤ ዛሬም በሱ ነው የምሄደው። የወረወርኩት ገንዘብ እሱ ነው።

ዘይቱንና ቤንዚኑን ለየብቻ ነው የምሞላት፤ ዘይቱን የምትመጥነው በራሷ ፓምፕ ነው። አባዬ ግን ፓምፑን አያምነውም። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ እንዳለ ያያል፣ ከዚያ “ሂድ” ይለኛል።

አሁን የቀረኝ አንድ ልክ ብቻ ነው፣ 1.00። ያ ዘመዴ ደግሞ ባለፈው ወር አንድ ፒስተን አምጥቶልኝ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ዘይት በነካ ወረቀት ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ቤት ጠርዙን ቢያለዝብልኝ ኖሮ ሁለት ልክ በቀረኝ ነበር።