ለውድድር የመጀመሪያ ውሻ፦ ማሊኖይስ፣ ጀርመን ሼፐርድ፣ ላብራዶር ወይስ የሀበሻ?

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈሬ ልጅ አራት ኪሎ ላይ አስቆመኝና ስልኩን አወጣ። ቪዲዮው ላይ አንድ ማሊኖይስ የሚባል የቤልጂየም እረኛ ውሻ ተንደርድሮ የሰው እጅጌ ላይ ይንጠለጠላል። "ይሄንን ገዝቼ ውድድር ልጀምርበት ነው" አለኝ። ውሻ አሳድጎ አያውቅም። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያው ቆመን ብዙ አወራን። የነገርኩትን ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስፖርቱን ለዩ። አጂሊቲ መሰናክል መዝለል፣ ቱቦ ውስጥ መሽሎክሎክ፣ በተተከሉ ዘንጎች መሃል እየተጥመለመሉ ማለፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ ውስጥ ክራፍትስ በሚባለው የውሻ ትርኢት ላይ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው። ድሮ ሹትስሁንድ ይባል የነበረው አይጂፒ ደግሞ ዱካ መከተል፣ ትእዛዝ መፈጸምና ጥበቃ አለው። እያንዳንዱ 100 ነጥብ ይይዛል። ቪዲዮ ላይ የምናየው ንክሻ የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። የሚናከስ ግን አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ ዱካ የማይከተል ውሻ የትም አይደርስም።

ማሊኖይስ ፈጣንና ቀላል ነው፤ ወንዱ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል። ችግሩ ማረፍ አያውቅበትም። ለእሱ ጠዋት ግማሽ ሰዓት መውጣት ምንም አይደለም። ሥራ ካጣ ሶፋውንም በሩንም ይበላል። በዚያ ላይ ነገር ቶሎ ይይዛል፤ የእናንተን ስህተት ጭምር። ጀማሪ ደግሞ ሽልማቱን በሰዓቱ መስጠት ገና እየተማረ ነው። ጎበዝ አሰልጣኝ ዘወትር አጠገባችሁ ከሌለ ለመጀመሪያ ውሻ አልመክርም።

ጀርመን ሼፐርድ ይከብዳል፤ ወንዱ እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል። ቢሆንም ስህተትን ይችላል፣ ከቤተሰብ ጋር አርፎ ይተኛል። ሹትስሁንድ ራሱ የተጀመረው የዚህን ዘር ብቃት ለመፈተን ነው። ለውበት የተዳቀለውንና ለሥራ የተዳቀለውን ግን ለዩ። ወገቡ ወደ ኋላ የተንሸራተተውን ተዉት። የዳሌ በሽታ በዘር ስለሚወርድ የእናትና የአባቱን የዳሌ ራጅ ጠይቁ። ሻጩ "ንጹህ ዘር ነው" ብቻ ካለ አልመለሰም።

ላብራዶር ለምግብ ነፍሱን ይሰጣል። በቁራሽ ዳቦ ግማሹን ትእዛዝ ታስተምሩታላችሁ፤ ለፎቅ ቤትም ከሁለቱ ይሻላል። ውፍረቱን ብቻ ጠብቁ። ቦርደር ኮሊ በአጂሊቲ የሚያህለው የለም። ግን የበግ እረኛ ነው። በዓል ሲደርስ በግ በአስፋልት በሚነዳበት ከተማ፣ ታክሲና ሕፃን ሁሉ ሊያሯሩጥ ይችላል።

የሀበሻ ውሻን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ይሄ ያበሳጨኛል። ቀላል ነው፣ ይዘላል፣ አየሩን ለምዶታል። እንደ ላብራዶር እሺ ባይ አይደለም፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። በብዙ አገር ክልስም ሆነ ዘሩ ያልታወቀ አጂሊቲ ይወዳደራል። ብር ካጠራችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ከዘሩ በላይ ግን ቡችላውን ፈትኑት። ከ8 ሳምንት በታች ከእናቱ አትለዩት። ጨርቅ በገመድ አስራችሁ ጎትቱ፤ ይዞ ወደ እናንተ የሚመጣውን ልብ በሉ። ከዚያ ቁልፍ መሬት ላይ ጣሉ። መደንገጡ ነውር የለውም። ደንግጦ ሸሽቶ፣ ተመልሶ ቁልፉን የሚያሸተውን ያዙ። ጥግ ይዞ የሚቀረው የመሃል ከተማን ክላክስና የግንባታ ጩኸት አይችለውም።

ክትባቱ እስኪያልቅ መንገድ ላይ አታውርዱት፤ ፓርቮ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይገድላል። ግን አቅፋችሁ መስቀል አደባባይ ዳር ተቀመጡ፤ መኪናውን ይስማ፣ ሰዉን ይይ። መዝለል ደግሞ አጥንቱ ሳይጠና አይሆንም። በዓለም አቀፉ የውሻ ፌዴሬሽን (ኤፍሲአይ) ሕግ አጂሊቲ ለመወዳደር 18 ወር መሙላት አለበት።

ልጁ ማሊኖይሱን ለጊዜው ትቶታል። ቅዳሜ አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት የላብራዶር ቡችሎች ልናይ ተቀጣጥረናል። ቁልፉን እኔ እይዛለሁ።