የቫዮላ ዴቪስን ታሪክ ማንበብ ወይስ ማዳመጥ?

የተዋናይቷ ቫዮላ ዴቪስ ግለ ታሪክ «ፋይንዲንግ ሚ» በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ። በወረቀትም በድምፅም አለ። እኔ ለድምፁ አደላለሁ። ተራኪዋ ራሷ ናት፤ ትረካው በ2023 ግራሚ አሸልሟታል።

በአሜሪካዋ ሮድ አይላንድ ግዛት፣ ሴንትራል ፎልስ ከተማ ውስጥ አይጥ በሚርመሰመስበት ቤት ነው ያደገችው። አይጦቹ የአሻንጉሊቶቿን ፊት ሳይቀር በልተውታል። ከትምህርት ቤት ስትወጣ ወንዶች ልጆች እየሰደቡ ያሳድዷት ነበር። ይህን በዚያ ጎርነን ባለ ድምፅዋ ስትሰሙት ሆድ ያባባል። ታክሲ ውስጥ ባትከፍቱት ይመረጣል።

መጽሐፉ ደግሞ ፋታ ይሰጣል። ስለ አባቷ ጠጪነትና ዱላ፣ ኋላም ይቅር ስለማለቷ የጻፈችውን ቆም ብሎ መልሶ ማየት ይቻላል። ማስመር ለሚወድ ወረቀቱ ነው። በመጽሐፉ ያለው ስድብ ግን አይጣል! ልጆች ካሉ ድምፁን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት።