ላይኛው ጎበዝ፣ ታችኛው ሰነፍ፦ የሚወልቅ ጥርስ ከመንፈቅ በኋላ

የእኔ ጥርስ ተነቅሎ ወይም ተሰብሮ አይደለም፤ ድሮም አልበቀለም። ኤክቶደርማል ዲስፕላዥያ የሚባል በዘር የሚመጣ ችግር አለብኝ። ፀጉርን፣ ጥርስንና የላብ ዕጢን አንድ ላይ የሚነካ ነው። ከላይ ሾጠጥ ያሉ ሁለት ጥርሶች ነበሩኝ፣ ከታች ባዶ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ካስገባሁ ከመንፈቅ በላይ ሆኖኛል።

ላይኛውን ወድጄዋለሁ። ሐኪሙ ሁለቱን ጥርሶች አልነቀላቸውም፤ የጥርሶቹ ሥር አጥንቱን ስለሚያቆየው ሰው ሠራሹን በላያቸው አለበሰው። ንቅንቅ የለም። ታችኛው ግን ሌላ ነው። ጥርስ ያልበቀለበት መንጋጋ አጥንቱም በደንብ አያድግም፣ የእኔማ እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ ስለሆነ ጥርሱ የሚደገፍበት አጥቶ ምላሴ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ ይላል። ሌላው ጣጣ ምራቅ ነው። የሚወልቅ ጥርስ ድድ ላይ የሚጣበቀው በስስ የምራቅ ሽፋን ነው፣ እንደ እኔ ያለ ሰው ደግሞ አፉ ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። የውኃ ኮዳ ከእጄ አይጠፋም።

እንጀራ በሽሮ ችግር የለም። ድፎ ዳቦ በእጅ እየቆረሱ በሁለቱም ጎን ማላመጥ ነው። ቆሎን እርሱት፣ ይህን ሁሉም ይነግራችኋል። ማንም የማይነግራችሁ የቡና ፈንዲሻን ነው፤ ገለባው ከሥር ሾልኮ ይገባና ድድ ይወጋል፣ ሰው መሀል ደግሞ አውልቆ ማጠብ አይቻል!

መጀመሪያ ሰሞን "ሰ" እና "ፈ" አስቸገሩኝ። ጎንደር እየኖሩ "ፋሲል" ማለት ሲያቅት አስቡት። ጮክ ብዬ ሳነብ ሳነብ ለቀቀኝ። ከንፈሬም ሞላ ብሏል፤ አክስቴ ገና ስታየኝ "ውይ፣ አባትህን መሰልክ!" አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ገንዘቤን ያወጣሁት ከመብላቱ ይልቅ ለዚህ ነው።

የሚያቆስል ቦታ ካለ ሐኪም ይሞርደው፣ ቤት ውስጥ አትነካኩት። ማታ አውልቃችሁ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይደር። ፍል ውኃ አክሪሊኩን (ጥርሱ የተሠራበትን ፕላስቲክ) ያጣምመዋል፣ የጥርስ ሳሙና ይጭረዋል።

ወላጆች ይጠይቁኛል። ለ3 እና 4 ዓመት ልጅም ይሠራል፣ ግን መንጋጋው ባደገ ቁጥር መቀየር አለበት። ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ የጥርስ ሥር) አብዛኛውን ጊዜ ዕድገት እስኪያበቃ ይጠበቃል፤ ከአጥንቱ ጋር ስለማያድግ ሰምጦ ይቀራል። እኔ ለታችኛው ሁለት ለማስተከል እያጠራቀምኩ ነው፣ አጥንቱ ስስ ስለሆነ መጀመሪያ አጥንት መጨመር ሊያስፈልግ ይችላል ተብያለሁ። እስከዚያው ታችኛውን ለሥራና ለሠርግ አደርገዋለሁ፣ ምሳ ላይ ይወልቃል።