የትኬቱ ገንዘብ ከየት መጣ? የደንከርክ ነጻ አውቶቡስ አገልግሎት ሲመዘን

በሰሜን ፈረንሳይ በምትገኘው የወደብ ከተማ በደንከርክና ከእርሷ ጋር በአንድ የከተሞች ማኅበር በተደራጁት አጎራባች ማዘጋጃ ቤቶች፣ ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አውቶቡስ ለመሳፈር ምንም ክፍያ አይጠየቅም። የአካባቢው ነዋሪ መሆን፣ መመዝገብ ወይም ካርድ ማውጣት አያስፈልግም፤ አውቶቡሱ ሲቆም በሩ ይከፈታል፣ ተሳፋሪውም ይገባል። ዲኬ ቡስ የሚባለው ይህ ድርጅት የሚያገለግለው 200 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርበትን አካባቢ ሲሆን፣ ለነዋሪም ለእንግዳም ያለ ልዩነት ነጻ ከሆኑት የአውሮፓ የከተማ ትራንስፖርት አገልግሎቶች መካከል በጊዜው ከትልልቆቹ አንዱ ነበር። ይህን ግምገማ የምጽፈው አገልግሎቱ ከአካባቢ ምርጫ ቅስቀሳ የተወለደ በመሆኑ ነው። የትራንስፖርት ወጪን እቀንሳለሁ የሚሉ ዕጩዎች ብዙ ናቸው፤ የቃላቸውን ዋጋ ከከተማው የሒሳብ መዝገብ ጋር አስተያይተው ለመራጩ የሚያቀርቡት ግን ጥቂቶች ስለሆኑ፣ የደንከርክ ልምድ በዝርዝር ሊታይ ይገባዋል እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2014 በተካሄደው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ከተማዋን ለ25 ዓመታት የመሩት ከንቲባ ሚሼል ደለባር ዳግም ሲወዳደሩ፣ ተፎካካሪያቸው ፓትሪስ ቬርግሪየት ነበሩ። በዚያ ወቅት የከተማው አስተዳደር ለስፖርት ውድድርና ለትርዒት የሚያገለግል 10 ሺህ ሰው የሚይዝ ትልቅ አዳራሽ ለመገንባት ዝግጅት ላይ ነበር። ቬርግሪየት የከተማውን ገንዘብ ለዘመናት የሚያስር ግንባታ ነው ያሉትን ይህን ዕቅድ ሰርዘው፣ አውቶቡሱን ለሁሉም ነጻ እንደሚያደርጉ ቃል ገብተው ተመረጡ፤ አዳራሹም ቀረ። ከዚህ ታሪክ እኔን የሚያሳምነኝ የቃሉ አደራረግ ነው። መራጩ የቀረበለት ምርጫ በአንድ ወገን አዳራሽ፣ በሌላው ወገን አውቶቡስ ስለነበር፣ ምን እንደሚያገኝ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያጣም አውቆ ነበር ድምፁን የሰጠው። አንድ ዕጩ የሚሰጠውን እየጠቀሰ የሚተወውን ሲደብቅ መራጩን ግማሽ ሒሳብ አስይዞ ወደ ምርጫ ጣቢያ ይልከዋል።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ፤ የአገልግሎቱ ጥንካሬም ደካማ ጎኑም ያለው እዚህ ነውና። ትራንስፖርቱ ነጻ ከመሆኑ በፊት የአውቶቡሱ ዓመታዊ የሥራ ማስኬጃ ወጪ 47 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ ከትኬት ሽያጭ ይገኝ የነበረው 10 በመቶ ያህል ብቻ ነው። 60 በመቶ ገደማው የሚመጣው በፈረንሳይ ሕግ መሠረት 11 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች ከሚከፍሉት ደመወዝ ላይ ተሰልቶ ለአካባቢው ትራንስፖርት ከሚውለው ግብር ሲሆን፣ የቀረውን 30 በመቶ የከተሞቹ ማኅበር ከበጀቱ ይሸፍን ነበር። እንግዲህ ትኬቱን ለማስቀረት ይፈለግ የነበረው ገንዘብ በዓመት ከ5 ሚሊዮን ዩሮ በታች ነው ማለት ነው፤ ለነዋሪ ቢከፋፈል ለአንድ ሰው በዓመት ከ25 ዩሮ አይበልጥም። ትኬት ለማተም፣ የመሸጫና የመቁረጫ መሣሪያዎችን ለመጠገን፣ ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚወጣው ወጪ አብሮ እንደሚቀር ሲታሰብ ደግሞ፣ በትክክል የሚጎድለው ከዚህም ያነሰ ይሆናል።

ለቀድሞው አስተዳደር ሊሰጥ የሚገባ ምስጋናም አለ። በአሠሪዎች ላይ የተጣለው የትራንስፖርት ግብር ከ1.05 በመቶ ወደ 1.55 በመቶ ያደገው እ.ኤ.አ. በ2011፣ ማለትም ከምርጫው ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። አዲሱ ከንቲባ ሥልጣን ሲይዙ ቋቱ ባዶ አልነበረም። ስለዚህ የደንከርክን ምሳሌ ጠቅሶ «እኛም እንዲሁ እናደርጋለን» የሚል ዕጩ ሁሉ፣ በእርሱ ከተማ የትኬት ገቢ ከጠቅላላው ወጪ ስንት እጅ እንደሆነና ትኬቱን የሚተካው ገንዘብ ቀድሞ መኖር አለመኖሩን ማሳየት አለበት። የትኬት ገቢ የወጪውን ግማሽ በሚሸፍንበት ከተማ፣ በተለይም የከተማ ባቡር ባለበት፣ ይህ ስሌት ፈጽሞ የተለየ ነው።

የአገልግሎቱን ጥራት ስንመለከት፣ ነጻ የሆነው አውቶቡስ ቀድሞ ይከፈልበት የነበረው ያው አውቶቡስ አይደለም። አስተዳደሩ ነጻ ጉዞውን በመጀመሪያ የሞከረው ከ2015 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። ሙሉ በሙሉ ነጻ ከማድረጉ በፊት በነበሩት ዓመታት ደግሞ መስመሮቹን እንደ አዲስ ዘረጋ፣ አውቶቡስ ብቻ የሚሄድባቸውን መንገዶች አስፋፋ፣ ከዚያም በሴፕቴምበር 2018 ነጻ ጉዞውንና አዲሱን መረብ በአንድ ቀን አስጀመረ። በአዲሱ መረብ አምስት ዋና ዋና መስመሮች ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በየ10 ደቂቃው ይመላለሳሉ። ይህ ለእኔ ከዋጋው መቅረት ያላነሰ ጉዳይ ነው። አውቶቡስ ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚረዳው፣ በየ10 ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ የሰዓት ሠሌዳ ከመያዝ ጭንቀት ያድናል፤ በሰዓት አንድ ጊዜ የሚመጣ አውቶቡስ ግን ነጻም ቢሆን የተሳፋሪውን ቀን ይበላዋል።

ውጤቱም ታይቷል። ለውጡ ከመደረጉ በፊት በአካባቢው ከሚደረጉት ጉዞዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል በግል መኪና የሚደረግ ሲሆን፣ የአውቶቡስ ድርሻ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ከለውጡ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዓመት የተሳፋሪው ቁጥር በአማካይ 85 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ቀናት የታየው ዕድገት ከሥራ ቀናቱ እጅግ የላቀ ሆኖ ከእጥፍ በላይ ደረሰ። ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። በሥራ ቀን የሚጓዝ ሰው ከፈለገም ካልፈለገም መጓዙ አይቀርም፤ እሑድ ከቤት የሚወጣው ግን ዘመድ ሊጠይቅ፣ ባሕር ዳር ሊዘዋወር ወይም ልጆቹን ሊያዝናና ነው፣ ይህንም ጉዞ ቀድሞ የሚያስቀረው የትኬቱ ዋጋ ለቤተሰብ ሲባዛ ነበር። ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንና ኪሳቸው ባዶ የሆነ ወጣቶች ከቤታቸው እንዲወጡ ማስቻል በማንኛውም በጀት ሠንጠረዥ ላይ የገቢ ዓምድ የለውም፤ እኔ ግን ከአገልግሎቱ ጥቅሞች ሁሉ የማስቀድመው ይህንኑ ነው።

መኪናን በተመለከተ የተገኘው ውጤትም ከጠበቅሁት የተሻለ ነው። በ2019 ይፋ በሆነ የተመራማሪዎች ጥናት፣ አውቶቡስ ከበፊቱ ይልቅ አዘውትረው መጠቀም ከጀመሩት መላሾች መካከል ግማሽ የሚጠጉት ቀድሞ በመኪና ያደርጉት የነበረውን ጉዞ በአውቶቡስ እንደተኩ ተናግረዋል። ይህን ስጽፍ በፈረንሳይ የትራንስፖርት ተጠቃሚዎች ማኅበራት ፌዴሬሽን በነጻ ትራንስፖርት ላይ የሚያነሣውን ተቃውሞ ዘንግቼ አይደለም። ነጻ ትራንስፖርት እግረኛውንና ብስክሌተኛውን ወደ አውቶቡስ ይወስዳል፣ ገንዘቡም መስመር ለማብዛት ቢውል ይሻላል የሚለው ክርክር ክብደት አለው። በደንከርክ ግን ሁለቱ በአንድነት ስለተደረጉ፣ ከዕድገቱ የትኛው በዋጋው መቅረት፣ የትኛው በምልልሱ መብዛት እንደመጣ ለያይቶ መናገር ያስቸግራል።

ይህን ለያይቶ ለማየት የሚረዳን የኢስቶኒያ ዋና ከተማ የታሊን ልምድ ነው። ታሊን በ2012 ነዋሪዎቿን በሕዝበ ውሳኔ ጠይቃ፣ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2013 ጀምሮ ለተመዘገቡ ነዋሪዎቿ ትራንስፖርቱን ነጻ አደረገች። በዚያ አገር ከነዋሪው የገቢ ግብር የተወሰነው እጅ ሰውየው ለተመዘገበበት ማዘጋጃ ቤት ስለሚደርስ፣ ነጻ ጉዞው በከተማዋ እየኖሩ በሌላ ቦታ ተመዝግበው የነበሩትን ሰዎች ወደ ታሊን መዝገብ ሳበ። በ2012 ወደ 416 ሺህ የነበረው የተመዘገበ ነዋሪ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ440 ሺህ በላይ ሆነ፤ የጠፋው የትኬት ገቢም በአዲሶቹ ግብር ከፋዮች ተተካ። ለከተማዋ ብልህ ሒሳብ ነው፤ ነገር ግን ታሊን ያተረፈችውን ያህል ሌሎች ማዘጋጃ ቤቶች ስላጡ፣ ሁሉም ከተማ ቢያደርገው የሚያተርፍ አይኖርም። የስቶክሆልም ተመራማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት ባደረጉት ጥናት የተሳፋሪው ቁጥር 3 በመቶ ያህል ብቻ መጨመሩን፣ ከዚህም በዋጋው መቅረት የመጣው 1.2 በመቶ መሆኑን አገኙ። በታሊን ቀድሞውንም ብዙ ሕዝብ በአውቶቡስና በትራም ይጓዝ ነበር፣ ከተሳፋሪውም ብዙው ነጻ ወይም የቅናሽ ተጠቃሚ ነበር፤ በደንከርክ ግን አውቶቡሶቹ ባዶ ወንበር ይዘው ይዞሩ ነበር። ባዶ ወንበር መሙላት ተጨማሪ ወጪ አያስከትልም፤ የሞላ አውቶቡስ ላይ ሰው መጨመር ግን አዲስ አውቶቡስና አዲስ ሾፌር ይጠይቃል።

የገንዘቡ ምንጭ በሕግ ካልጸና ምን እንደሚከተል ደግሞ ለንደን አሳይታለች። በሜይ 1981 የታላቋ ለንደን ምክር ቤትን ምርጫ ያሸነፈው የሠራተኛ ፓርቲ የትራንስፖርት ዋጋ በ25 በመቶ እንደሚቀንስ ቃል ገብቶ ነበር፤ በኬን ሊቪንግስተን የሚመራው ምክር ቤት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዋጋውን በሦስተኛ ያህል ቀነሰ፣ ጉድለቱንም በንብረት ላይ በተጣለ ተጨማሪ የአካባቢ ግብር ለመሸፈን ወሰነ። የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የሌለው የብሮምሊ ወረዳ ከስሶ ጉዳዩ በጊዜው የአገሪቱ የመጨረሻ ይግባኝ ሰሚ እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹም በዲሴምበር 1981 እርምጃው ከሕግ ውጭ ነው ብለው ወሰኑ። በማርች 1982 ዋጋው በአንድ ጊዜ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። በርካሽ ጉዞ ላይ ኑሮውን አመቻችቶ የነበረው ሠራተኛ በጥቂት ወራት ውስጥ የከፈለው ይህ ነው። በደንከርክ የአሠሪዎቹ ግብር በአገሪቱ ሕግ የተደነገገና ለትራንስፖርት የተለየ በመሆኑ፣ አገልግሎቱ ከእንዲህ ያለ ድንገተኛ መቋረጥ የተሻለ ጥበቃ አለው።

ይሁንና ስጋቴን አልሰውርም። ከወጪው የሚበልጠው በአሠሪዎች ደመወዝ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ ደንከርክ ደግሞ ኑሮዋ በወደቡ፣ በአርሰሎርሚታል የብረት ፋብሪካና በመሳሰሉት ከባድ ኢንዱስትሪዎች ላይ የቆመ ከተማ ናት። የብረት ገበያው ሲቀዘቅዝ የደመወዝ መጠን ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ የትራንስፖርቱ ቋት አብሮ ይጎድላል፣ ይህም የሚሆነው ሥራ ያጣው ሰው አውቶቡሱን ከምንጊዜውም በላይ በሚፈልግበት ወቅት ነው። የትኬት ገቢ አነስተኛም ቢሆን ሌላ እግር ነበር፤ ከቀረ በኋላ የሚጎድለውን የሚሞላው የከተሞቹ ማኅበር አጠቃላይ በጀት ብቻ ነው። አስተዳደሩ ለእንዲህ ያለው ዘመን መጠባበቂያ ለይቶ ቢያስቀምጥና መጠኑን በየዓመቱ ለነዋሪው ቢያስታውቅ፣ በዚህ ረገድ የምሰጠው ነጥብ ከፍ ይል ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ሰዓቱን ይመለከታል። የየ10 ደቂቃው ምልልስ ምሽት 1 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የፋብሪካና የወደብ ከተማ ግን በፈረቃ ነው የምትሠራው። ጎሕ ሳይቀድ ሥራ የሚገባው የብረት ሠራተኛ፣ ሌሊት ሕሙማን ስትጠብቅ ያደረችው ነርስ፣ ቢሮዎች ከተዘጉ በኋላ የሚያጸዱት ሴቶች የነጻው አውቶቡስ ጥቅም ለእነርሱ የሚለካው በእነዚያ ሰዓታት በሚያገኙት ምልልስ ነው። ቬርግሪየት በ2020 በመጀመሪያው ዙር ድምፅ ዳግም ተመርጠዋል፣ ነጻ ጉዞውም ጸንቷል። ከእንግዲህ የሚገኝ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዩሮ በቅድሚያ ሊውል የሚገባው የመጨረሻውን አውቶቡስ ለማዘግየትና የመጀመሪያውን ለማስቀደም ነው ብዬ አምናለሁ።