የጀርቤራ ሃፕሎይድ ችግኝ፦ ጠርሙሱ ደህና፣ ማስረጃው የለም

ባሕር ዳር ካሉ ቤተ ሙከራዎች አንዱ (ስሙን ዘለነዋል) በቲሹ ካልቸር (ከተክል ቁራጭ ጠርሙስ ውስጥ በማሳደግ) ያወጣውን የጀርቤራ አበባ «ሃፕሎይድ» ብሎ በጠርሙስ ይሸጣል፤ የዘር መረጃ ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች ግማሹን ብቻ የያዘ ማለት ነው። የሐይቁ ዳር ግቢያችሁን ለማሳመር ከሆነ አትግዙት። ሃፕሎይድ ተክል ቁመቱ ያጥራል፣ አበባው ያንሳል፣ ዘር አይዝም። የሚጠቅመው ዝርያ ለሚያዳቅል ሰው ነው፤ 25ቱ ክሮሞዞም ወደ 50 ሲታጠፍ፣ ራሱን በራሱ እያዳቀሉ ዓመታት የሚፈጀው ንጹሕ መስመር (ባሕርዩ ከትውልድ ትውልድ የማይለዋወጥ ዘር) ባንዴ ይገኛል።

አመራረታቸው ላይ ነቀፌታ የለንም። ሃፕሎይድ ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት የአበባውን ወንዴ ነው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ሕንድ ውስጥ በአስተናግር ዘመድ ላይ የተሳካውም ከዚያው ነበር። ጀርቤራ ግን በዚያ በኩል እሺ አይልም። እነሱም ያልዳበረውን ኦቭዩል (ሲዳብር ዘር የሚሆነውን የአበባ ክፍል) አውጥተው ነው የሚያሳድጉት፤ ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው።

ጠርሙሱን ስትቀበሉ ወደ ብርሃን አንሡና ከታች እዩት። ሻጋታ ላይ ላዩን እንደ ጥጥ ስለሚነፋ አያመልጥም፤ ባክቴሪያ ግን ሥሩ ዙሪያ፣ አጋሩ (ችግኙ የሚያድግበት ጄሊ) ውስጥ፣ ወተት ጠብ ያለበት ውሃ መስሎ ይደበቃል። ካየናቸው አንዳንዶቹ እንዲህ ነበሩ። ከእናት ተክሉ ውስጥ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ግን ማምከኛውንም እንጠረጥራለን። መመሪያዎች «15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ 121 ዲግሪ» የሚሉት ለባሕር ወለል ነው። 1800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ባሕር ዳር የማምከኛው ግፊት ማሳያ (ጌጁ) 15 ሲያነብ ውስጡ 118 ዲግሪ ግድም ነው። ማሽኑ ከቻለ ወደ 18 ማድረስ፣ ካልቻለ ደቂቃ መጨመር ነው።

ትልቁ ቅሬታ፦ ችግኙ ሃፕሎይድ ለመሆኑ አንዲት ወረቀት አይሰጡም። ከኦቭዩሉ ግድግዳ የበቀለ ችግኝ ባለ 50 ነው፤ የእናቱ ቅጂ በውድ ዋጋ ገዛችሁ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ማጣሪያ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም በቅጠሉ ጀርባ ቀቡ፤ ሲደርቅ በስኮች አንሥታችሁ በ400 እጥፍ ማይክሮስኮፕ እዩት። በእድሜ ከሚመሳሰል የእናቱ ቅጠል ይልቅ የመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ አጠር ብለው ጠጋ ጠጋ ካሉ ተስፋ አለ። የሚያረጋግጠው ግን የሥር ጫፍ ክሮሞዞም ቆጠራ ነው። እሱም ቢሆን 25 ሲወጣ ብቻ ነው የሚያሳርፈው። 50 ከወጣ በራሱ ጊዜ የታጠፈ ሃፕሎይድም ሊሆን ስለሚችል፣ ከእናቱ ቅጂ የሚለየው የዲኤንኤ ምርመራ ነው።

አብሮት የሚመጣው የማላመጃ ወረቀት ጥሩ ነው፦ አጋሩን ለብ ባለ ውሃ አጥቦ መጨረስ (የቀረው ስኳር ሻጋታ ይጠራል)፣ በላስቲክ ሸፍኖ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቀስ በቀስ መክፈት። የረሳው ሁለት ነገር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ላይ የተተወ ችግኝ ላስቲኩ ውስጥ ይቀቀላል፤ ጥላ ያስፈልገዋል። ስትተክሉም ቅጠሎቹ የሚወጡበት አናት ከአፈሩ በላይ ይቅር፤ አፈር ከለበሰ ይበሰብሳል።