ለፍሬ ማፊን የቱ ተልባ ይሻላል? የፓኬቱ ወይስ የእህል በረንዳው?

መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ሲወጡ ሲወርዱ ያረፈዱ ወይም ከጂም የወጡ ሰዎች የሚበሉት የፍሬ ማፊን (ተልባ፣ ሰሊጥና የዱባ ፍሬ የገባበት ትንሽ ኬክ) ጣዕሙ የሚወሰነው ከምንም በላይ በተልባው ነው። ተልባ ሊጡን ያያይዛል፣ እርጥበት ይይዛል፤ ሲበላሽ ደግሞ ማሩንም ሙዙንም ይዞ ይበላሻል። እዚህ የተመዘኑት ሁለት ናቸው፦ ተፈጭቶ በፓኬት ታሽጎ ሱፐርማርኬት የሚሸጠውና መርካቶ እህል በረንዳ በኪሎ የሚገዛው ያልተፈጨ ተልባ። ያልተፈጨውን ግዙ።

የፓኬቱ ጥቅም አይካድም፤ ጠጠር የለውም፣ ድካምም የለውም። ነገር ግን ተልባ አንዴ ከተፈጨ ዘይቱ አየር ስለሚያገኘው ቶሎ ይበላሻል። ብርሃን በሚያስገባ ፕላስቲክ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የከረመ ፓኬት ሲከፈት የቆየ ዘይት ይሸታል፣ ሲቀመስም ጉሮሮ ላይ መረር ይላል። የግድ ፓኬት የሚገዛ ሰው የተመረተበትን ቀን አይቶ ትንሹን ይውሰድ፤ ከከፈተው በኋላም ፍሪጅ ውስጥ ያኑረው።

የእህል በረንዳው ተልባ በዋጋም ይረክሳል፣ ሥራ ግን አለው። ገለባና ጠጠር አያጣም፤ መታጠብ ደግሞ አይቻልም፣ ውሃ ሲነካው ይዝለገለጋል። በወንፊት ተነፍቶ፣ በሰፌድ ተበጥሮ፣ ነጭ ሳህን ላይ ይለቀም። ከዚያ በለስላሳ እሳት ምጣድ ላይ 3 ወይም 4 ደቂቃ ይታመስና መንጫጫት ሲጀምር ወዲያው ይውጣ። ከቀዘቀዘ በኋላ በቡና መፍጫ 10 ሰከንድ እየፈጩ ማረፍ ነው፤ ሳያቋርጡ ከፈጩት ይሞቅና ዘይቱን አውጥቶ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። መፍጫው ቡና ቡና እንዳይል አስቀድሞ አንድ እፍኝ ሩዝ ይፈጭበት። ወፍጮ ቤት መውሰድ ግን አይመከርም፤ ከበፊቱ የቀረ በርበሬ ማፊኑ ውስጥ ይገባል።

ሁለቱም የተሞከሩበት መጠን ለ12 ማፊን የሚሆን ነው፦ 200 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ 50 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ 40 ግራም ሰሊጥ፣ 50 ግራም የተላጠ የዱባ ፍሬ፣ 3 እንቁላል፣ 2 ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣ ሙዝ፣ 250 ሚሊ ሊትር ወተት፣ 60 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር፣ ትንሽ ጨው፣ በልኩ የተሞላ 2 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። ተልባው ወተቱ ውስጥ 10 ደቂቃ ይቆይ። ካልተነከረ ኦቨን ውስጥ እርጥበቱን ከዱቄቱ ይሻማና ማፊኑ ይደርቃል። ከ60 ግራም ካለፈ ደግሞ መሃሉ ያልበሰለ ሊጥ ይመስላል። ዱቄቱ መጨረሻ ላይ ገብቶ፣ ነጩ እስኪጠፋ ብቻ ይማሰላል። ብዙ ሲማሰል ይጠነክራል።

ለቤኪንግ ፓውደሩ መጠን ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ይበልጥ ይነፋል። ለዝቅተኛ ቦታ በተጻፈው መጠን፣ ማለትም በ3 የሻይ ማንኪያ፣ ከተጋገረ ማፊኑ መጀመሪያ ጉብ ይልና ሳይጸና መሃሉ ይሰምጣል። ብዙ ሰው ኦቨኑን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን የማንኪያው ነው። ሙቀቱም ከ180 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ ቢል ቶሎ ይጸናል፤ ከ20 እስከ 22 ደቂቃ ይበቃዋል።

በዱባ ፍሬ ፋንታ የተላጠ የሱፍ አበባ ፍሬ ማስገባት ይቻላል። ቤኪንግ ሶዳ ካለበት ግን በማግስቱ ማፊኑ ሲቆረጥ በየፍሬው ዙሪያ አረንጓዴ ሆኖ ይገኛል። ሻጋታ አይደለም፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ክሎሮጀኒክ አሲድ ከሶዳው ጋር ሲገናኝ የሚያመጣው ቀለም ነው፣ አይጎዳም። ሶዳውን መተው ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ መጨመር ይቀንሰዋል። ለፍትፍት የሚሆነው ሱፍ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ለዚህ አይገባም።

በዚህ መጠን አንዱ ማፊን ከ7 እስከ 8 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ከስፖርት በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመከረው 20 ግራም ገደማ ስለሆነ አንዱ ብቻውን አይበቃም፤ ሁለት ማፊን ከአንድ ብርጭቆ ወተት ጋር ይሞላዋል። በጾም ቀን ለእያንዳንዱ እንቁላል 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 ማንኪያ ውሃ ይነከር፤ ይህም ከ50 ግራሙ ላይ ይነሳ እንጂ አይጨመርበት። ወተቱ በውሃ ይተካል፤ ያኔ ፕሮቲኑ ወደ 5 ወይም 6 ግራም ስለሚወርድ ላዩ ላይ የኦቾሎኒ ቅቤ ቢቀባ ይመረጣል። ፓኬቱ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። የተነከረው ተልባ በ10 ደቂቃ እንደ እንቁላል ነጭ ካልተዝለገለገ ሊጡን አይዝም፤ ማፊኑ ከወረቀቱ ሲላቀቅ ይፈረፈራል።

ማፊኑ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በተከደነ ዕቃ ውጭ 2 ቀን ይቆያል። ለሳምንት የሚጋግር ሰው ፍሪዘር ውስጥ ያስገባው፤ ማታ አውጥቶ ቦርሳው ውስጥ ከከተተው ጠዋት ልምምዱ እስኪያልቅ ይለሰልሳል።